ለታመመ ወገብ የተመጠነ እንቅስቃሴ

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ስለቆየ የወገብ ሕማም፣ ይልቁንም እንዲህ ያለውን ሕማም በማከም ረገድ የሰውነት እንቅስቃሴ ስላለው ድርሻ ነው። ሕማሙ ከደጃችን የራቀ አይደለምና፣ ነገሩን እዚሁ ከሠፈራችን እንጀምረው።

በማለዳ በኮልፌ አጠና ተራ የሚያልፍ ሰው፣ ከጭነት መኪና የወረደውን የባሕር ዛፍ አጠና በትከሻቸው ተሸክመው፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን አዘንብለው፣ በጠባቡ መተላለፊያ የሚመላለሱትን ሠራተኞች ያያል። ጥቂት እልፍ ሲል ደግሞ በአንዲት ትንሽ ክፍል ከንጋት እስከ ምሽት በስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰ ልብስ ሰፊ፣ ለሽያጭ የሚሆን እንጀራ ስትጋግር ከምጣዱ ላይ ጎንበስ ቀና የምትል እናት፣ ከመሪው ጋራ ተጣብቆ የሚውል የታክሲ ሾፌር ያገኛል። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ልዩ ልዩ ይሁን እንጂ፣ ማታ ወደየቤታቸው ሲገቡ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ወገቤን ቆረጠኝ» ይላሉ።

ይህን ለሚል ሰው ሐኪሙ «ሕክምናህ እንቅስቃሴ ነው» ባለው ጊዜ፣ ሰውየው በልቡ ቅር መሰኘቱ አይቀርም። ተሸካሚው «ቀኑን ሙሉ ስለፋ ውዬ ደግሞ የምን ስፖርት ይታዘዝልኛል? ያጣሁትስ ዕረፍት ነው» ይላል፤ እንጀራ ጋጋሪዋም «የታመመ ገላ ይተኛል እንጂ ስፖርት ይሠራል እንዴ?» ብላ ትጠይቃለች። ሁለቱም ጥያቄዎች ከልብ የመነጩ ናቸውና፣ የተሟላ መልስ ይገባቸዋል እንጂ በተግሣጽ ሊታለፉ አይገባም።

የመጀመሪያውን እናንሣ። የጉልበት ሥራና ለሕክምና የሚደረግ እንቅስቃሴ ላይ ላዩን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ላብ ያወጣሉ፣ ሁለቱም ትንፋሽ ያፈጥናሉ፤ በባሕርያቸው ግን እጅግ ይለያያሉ። አጠና ተሸካሚው የጭነቱን ክብደት ራሱ አይመርጥም። በቀኝ ትከሻው መሸከም የለመደ እንደሆነ ዘወትር በቀኝ ይሸከማልና፣ አንደኛው ጎኑ ከልክ በላይ ሲሠራ ሌላው ቦዝኖ ይኖራል። ወገቡ በዛለ ጊዜም «ልረፍና ነገ እቀጥላለሁ» ለማለት አይችልም፤ መኪናው ሳይራገፍ ከቀረ የዕለት ምንዳው ይቀርበታልና። በሕክምና የታዘዘ እንቅስቃሴ ግን መጠን አለው፣ አቅጣጫ አለው፣ የዕረፍት ጊዜ አለው፤ ዛሬ ከሚቻለው ተነሥቶ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ይሄዳል፤ በሥራ ሰዓት ተዘንግተው የሚውሉትን የሆድ፣ የመቀመጫና የጀርባ ውስጣዊ ጡንቻዎች ለይቶ ያሠራል። ሥጋ የሚበረታው፣ ከለመደው በጥቂቱ የሚበልጥ ሥራ ተሰጥቶት ዕረፍት ሲከተልለት ነው፤ ዕረፍት የማያውቅ ሸክም ያዝለዋል እንጂ አያጠነክረውም። ልብስ ሰፊውም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ሠራ ስንል የሠሩት እጆቹና እግሮቹ ናቸው፤ ወገቡማ በአንድ ሁኔታ ታጥፎ ነው የዋለው።

ይህን ነገር የሚያስረዳ አንድ ታሪክ በኮልፌ ምድር አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ወደ አገራችን መጥተው፣ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር፣ በዚያን ጊዜ ኮሎኔል በነበሩት በታደሰ ብሩ ኃላፊነት የውትድርና ትምህርት ተከታትለዋል፤ ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ብቻ ይዘው በዱርና በተራራ አቋርጠው በተወሰነ ሰዓት ከሩቅ ስፍራ የሚደርሱበትን የእግር ጉዞ እንደወደዱት በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው ከታሰሩም በኋላ፣ በሮቢን ደሴት ከዐሥር ዓመት ለበለጠ ጊዜ ከኖራ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ሲቆፍሩ ይውሉ ነበር። ይህን ያህል ልፋት እያለባቸው ግን፣ በቦክሰኝነታቸው ዘመን የለመዱትን ሥርዓት ሳይተዉ፣ ከሰኞ እስከ ኀሙስ ማለዳ ማለዳ ከጠባቧ ክፍላቸው ሳይወጡ ባሉበት ይሮጡ፣ የእጅ፣ የሆድና የጉልበት ልምምድም ይሠሩ ነበር። የሠሩት መጠን ለጤነኛ ሰው እንጂ ለታመመ ወገብ የተመጠነ ስላልሆነ ማንም እንዲከተለው አልመክርም። ነገር ግን በቁፋሮ የሚውል ሰው ቁፋሮውን እንደ ሰውነት ማጠንከሪያ አለመቁጠሩንና፣ እጅግ የጠበበች ክፍልም ለእንቅስቃሴ የበቃች መሆኗን ልብ ልንል ይገባናል፤ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ከነቤተሰቡ የሚኖር አድማጫችን «ለዚህ የሚሆን ቦታ የለኝም» እንዳይል።

«የታመመ ገላ ይተኛል» ወደሚለው ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስናልፍ፣ አስቀድሞ የወገብን አፈጣጠር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንገት እስከ ወገብ ድረስ አከርካሪያችን ሃያ አራት የሚንቀሳቀሱ አንጓዎች አሉት፤ ሰባቱ የአንገት፣ ዐሥራ ሁለቱ የጀርባ፣ አምስቱ የወገብ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሰውነትን ክብደት የሚሸከሙት እነዚህ አምስቱ ናቸው። በአንጓና በአንጓ መካከል የሚገኘው ዲስክ የተባለው አካል፣ በጎልማሳ ሰው ዘንድ የራሱ የደም ሥር የለውም ለማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው ከአጎራባቾቹ አጥንቶች እየሰረገ ከሚገባ ፈሳሽ ነው። ሰውየው በቆመና በተራመደ ጊዜ ዲስኩ ተጨምቆ ጥቂት ፈሳሽ ይለቃል፤ ባረፈና በተጋደመ ጊዜ ደግሞ ውኃ ውስጥ እንደገባ ስፖንጅ ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። እንግዲህ መጨመቅና መለቀቅ በተፈራረቁ መጠን ይመገባል ማለት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ላይ የዋለ ወገብ ግን ከዚህ ፍርርቅ ተለይቶ ይሰነብታል። ከአከርካሪው ጋራ ተያይዘው አንጓዎቹን የሚያጸኑት አጫጭር ጡንቻዎችም ካልሠሩ ይከሳሉ። በዚህ ላይ ሕማሙ በቆየ ቁጥር ነርቮችና አንጎል ከመጠን በላይ ንቁዎች ስለሚሆኑ፣ አዲስ ጉዳት ሳይኖር ሕማም ይሰማል፤ ሰውየውም «ጎንበስ ብል ይበጠሳል» እያለ ይፈራል፤ ስለፈራ አይንቀሳቀስም፤ ስላልተንቀሳቀሰ ይደክማል፤ ስለደከመም ትንሿ ሥራ ሁሉ ታመዋለች።

ይህን ፍርሃት ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ የኤም አር አይ ወረቀት ነው። ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ የዲስክ መድረቅ ወይም መውጣት ተጽፎ ባየ ጊዜ «ዲስኬ ተንሸራቷል፤ ከእንግዲህ አበቃልኝ» ብሎ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ምንም ዓይነት የጀርባ ሕማም የሌላቸውን 3110 ሰዎች ምስል የመረመረ ጥናት ግን፣ የዲስክ ማርጀት በሃያ ዓመት ወጣቶች ዘንድ በ37 ከመቶው፣ በሰማንያ ዓመት አረጋውያን ዘንድ ደግሞ በ96 ከመቶው እንደሚታይ ገልጿል። እነዚህ ሁሉ ሳያማቸው ወጥተው የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ፎቶው የሚያሳየው ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ሽበት የዕድሜ ምልክት እንጂ የሕማሙ ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ ምስሉ ትርጉም የሚያገኘው ሐኪሙ በእጁ መርምሮ ካገኘው ጋራ ሲገጥም ብቻ ነው።

የአልጋ ዕረፍት በቀደሙት መዋዕል በሐኪሞችም ዘንድ የታመነ ትእዛዝ እንደነበረ መካድ አይቻልም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሰሙት ከሐኪም ነው። ሐሳቡ የተለወጠው ተመዝኖ ነው። በሄልሲንኪ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት፣ ወገባቸው በድንገት የታመመባቸውን ሠራተኞች በሦስት ከፍሎ፣ አንደኛውን ክፍል ሁለት ቀን አስተኛ፤ ሁለተኛውን የጀርባ ልምምድ አስጀመረ፤ ሦስተኛው ሕማሙ እስከፈቀደለት ድረስ የዕለት ሥራውን እንዲቀጥል ተደረገ። ፈጥኖ የተሻለው የዕለት ሥራውን የቀጠለው ሆኖ ተገኘ፤ የዘገየው የተኛው ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ሕማሙ ገና ትኩስ ሳለ ስፖርት ለመጀመር መቻኮል ሳይሆን እንደተለመደው እየኖሩ መቆየት የሚበጅ መሆኑን ነው፤ የታቀደ ልምምድ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ሕማሙ ሲሰነብት ነው። ለዚህም ማስረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ ሥር ስለሰደደ የወገብ ሕማም የተደረጉ 249 ሙከራዎችን አሰባስቦ የመረመረ ሰፊ ጥናት፣ ልምምድ የሠሩት ካልሠሩት ይልቅ፣ ከመቶ በሚቆጠር የሕማም መለኪያ ዐሥራ አምስት ያህል ነጥብ እንደቀነሰላቸው አስታውቋል። ዐሥራ አምስት ነጥብ ፍጹም ፈውስ አይደለም፤ ነገር ግን ሌሊት በመተኛትና ባለመተኛት፣ ልጅን አንሥቶ በማቀፍና ባለማቀፍ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥምና፣ አቅልለን አንየው።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕማም እንደነበረባቸው፣ በ2050 ደግሞ 843 ሚሊዮን ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቶ፣ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ትምህርትንና ሥርዓት ያለውን የሰውነት ልምምድ ከሚመከሩት መካከል አስቀምጧል። መመሪያው እንደ ልማድ እንዳይታዘዙ ከከለከላቸው ደግሞ አንዱ የወገብ ቀበቶ ነው። በእኛ ዘንድ መቀነትን ጠበቅ አድርጎ መታጠቅ ለእናቶች ልብ የሚሰጥ ነገር መሆኑን አውቃለሁና፣ ጥለውት ይውጡ አልልም፤ ነገር ግን መታጠቂያው የጡንቻን ሥራ ሊተካ ስለማይችል፣ ተስፋ የሚጣልበት እርሱ እንዳይሆን። መርፌውና ክኒኑም ሕማሙ በበረታ ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀን ይረዳሉ፤ ለወራት ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መውሰድ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ደግሞም በእንቅስቃሴ ማከም ለምዕራብ አዲስ አበባ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ በነበረው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ስፍራ፣ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው፣ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማቋቋሚያና የባለሙያዎች ማሠልጠኛ ማእከል ተመሥርቷል። ከማእከሉ ምሥረታ ጋራ ስማቸው የሚነሣው ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ፣ በሕንድ አገር በቬሎር፣ በደዌው የሰለለን እጅ ከጤነኛ ጡንቻ ጅማት አዛውሮ የማንቀሳቀስን ጥበብ ያስፋፉ ሰው ነበሩ። ታዲያ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ስለተዛወረ ብቻ ጣት አይታዘዝም፤ ሕመምተኛው ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፊት ተቀምጦ፣ ጣቱን ሺህ ጊዜ አጥፎ ሲዘረጋ ነው እጁ እንደገና ማንኪያ የሚይዘው። ያ ትዕግሥት ለወገብም ያስፈልጋል።

ይሁንና ማንም ልምምድ ከመጀመሩ በፊት፣ ሕማሙ ከሌላ ደዌ የመጣ እንዳይሆን መመርመር ግዴታው ነው። በእኛ አገር ከሁሉ በፊት የሚታሰበው የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 ስለጻፈበት በሕክምና መጻሕፍት በእርሱ ስም ይጠራል። ማታ ማታ የሚመጣ ትኩሳትና ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ጋደም ሲሉም የማይተው የሌሊት ሕማም፣ ከጀርባ አጥንት ላይ ወጣ ያለ ጉብታ ያየ ሰው ልምምዱን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ወጌሻ ዘንድም ሄዶ አከርካሪውን አያስጎትት፤ በነቀርሳ የተበላ አንጓ ቢሰበር ኅብለ ሠረሠርን ሊጫንና ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላልና። ከዚህ ቀደም ካንሰር የነበረበት፣ ወይም ከከፍታ የወደቀ ሰውም እንዲሁ አስቀድሞ ይመርመር። ሽንት እምቢ ያለው ወይም ሳያውቀው የሚያመልጠው፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የገላ ክፍል የደነዘዘበት፣ እግሩም እየሰነፈ የሄደ ሰው ግን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይድረስ። ጸበል የሚጠመቁ ምእመናንም ቢሆኑ ጸበሉና ምርመራው እንደማይጣሉ አውቀው ሁለቱንም ያድርጉ።

ከእነዚህ ምልክቶች ነጻ የሆነ ሰው ከእግር ጉዞ ይጀምር፤ ገንዘብ አይጠይቅምና። በአውስትራሊያ 701 ሰዎችን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት፣ ከወገብ ሕማም ካገገሙ በኋላ በባለሙያ ምክር የእግር ጉዞ ከጀመሩት ሰዎች ግማሾቹ ሕማሙ የተመለሰባቸው በ208 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ ምንም ያልታዘዘላቸው ግን በ112 ቀን ነበር። ተጓዦቹ ቀስ በቀስ ጨምረው፣ በስድስት ወር ውስጥ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሠላሳ ደቂቃ እንዲደርሱ ነበር የታሰበው። በኮልፌ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የሚኖር ሰው መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን ይምረጥ፤ ዐሥር ደቂቃ ከቻለ ዐሥር፣ አምስት ከቻለ አምስት ይራመድ፤ በትንሽ ደብተር ደቂቃውን ይመዝግብና በየሳምንቱ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይጨምር።

ቀጥሎ ቤት ውስጥ ሰሌን ወይም ምንጣፍ አንጥፋችሁ በጀርባችሁ ተጋደሙ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ የእግራችሁን መዳፍ መሬት አስረግጡ፤ ሆዳችሁን በዝግታ ጠበቅ አድርጋችሁ፣ ትንፋሻችሁን ሳትይዙ፣ መቀመጫችሁን ከመሬት አንሡ፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት ቀጥ ያለ መሥመር ሲሆን እስከ አምስት ቁጠሩና እንደ አነሣሣችሁ በዝግታ መልሱ። ይህን ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ አድርጉ። ከዚያ በእጅና በጉልበት ተንበርክካችሁ፣ ወገባችሁን ሳታጎብጡ፣ ቀኝ እጃችሁንና ግራ እግራችሁን ዘርጉ፣ መልሳችሁም በግራና በቀኝ ለውጡ። ሦስተኛው፣ ከወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ ነው። እነዚህ ሲቀሉላችሁ፣ በየቤቱ ያለውን ጀሪካን መሣሪያ አድርጉ። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ይመዝናልና ከዚያ አትጀምሩ፤ አምስት ሊትር ብቻ ቅዱና ጀሪካኑን ወደ እግራችሁ አስጠግታችሁ፣ ጉልበታችሁን ሸብረክ፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ አንሡና አስቀምጡ። በየሳምንቱ ሁለት ሊትር ብትጨምሩ፣ በሁለት ወር ውስጥ ሞልቶ የሚፈሰውን ጀሪካን ሳትፈሩ የምታነሡበት ቀን ይመጣል። ለእኔ ከልምምዶቹ ሁሉ የሚወደደው ይህ ነው፤ ሰው የፈራውን የዕለት ሥራውን ራሱን መልሶ ይሰጠዋልና።

በዚህ መካከል ጥቂት ሕማም ቢሰማ አትደንግጡ። ሕማሙ የሚቻል ከሆነና እስከ ማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው፤ ካልተመለሰ ግን ከመጠኑ ቀንሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ሲሻለው የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ሠርቶ በማግስቱ አልጋ ላይ በመዋሉ ነው። ልኩን የሚወስነው አስቀድሞ የታቀደው ቁጥር እንጂ የዕለቱ ስሜት አይሁን።

ስለ ስግደት የሚጠይቁን ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ወገቡን ሳያጥፍ ኖሮ በሰሙነ ሕማማት በአንድ ቀን መቶና ሁለት መቶ ጊዜ የሚሰግድ ሰው ቢታመም አያስደንቅም። የሚሻለው ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ በቤቱ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት፣ ሃያ እያለ ወገቡንና ጉልበቱን ማለማመድ ነው፤ የማይችለውም ለንስሐ አባቱ ሕማሙን ገልጦ መጠኑን ይቀበል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ሩኩዕና ሱጁድ በጸናባቸው ጊዜ ተቀምጠው ሶላታቸውን እንዲያደርሱ ሃይማኖታቸው የፈቀደላቸው ነውና፣ እስኪሻላቸው በዚያ ይጠቀሙ፤ ሲሻላቸውም ቀስ ብለው ይመለሱ።

ለውጥ የሚታየው ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ለሠራ ሰው ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ምንም አላየሁም ብሎ የሚተው ሰው ገና ጡንቻው ሳይነቃ ትቷል። ከተሻለም በኋላ ሕማሙ አንዳንድ ጊዜ ያገረሻል። በዚያን ጊዜ ልምምዱን ፈጽሞ አታቋርጡ፤ ለሁለትና ለሦስት ቀን መጠኑን በግማሽ ቀንሱ፣ ጉዞውንም አሳጥሩ፣ ከዚያም ወደ ነበራችሁበት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ተመለሱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልረገበ፣ ደቂቃና ሊትር የመዘገባችሁበትን ደብተር ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ እንዲልኳችሁም ጠይቁ፤ ባለሙያው የት ላይ እንደበዛባችሁ ከዚያ ደብተር አንብቦ መጠኑን ያስተካክልላችኋል።